ደመወዝ በጤፍ ሲሰፈር

በመርጡለ ማርያም ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለዕድር ዳኞችና ለልማት ኮሚቴ ተጠሪዎች የቀረበ ንግግር



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «የኑሮ ውድነትና የልማት ሥራ» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ ጠበብ አድርገን እንይዘዋለን። ስለ ኑሮ ውድነት ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ከገበያ የምትመለሱት እናንተ ናችሁ። እኛ ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው በስብሰባዎቻችን ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሣውን አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ሰው አሠርተን የምንከፍለው ዋጋና የምንከፍልበት ቀን ነው። ምንጭ ስናጎለብት፣ እርከን ስናሠራ፣ የአብነት ትምህርት ቤት ስንጠግን፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ስናስከብር ሁላችንም አሠሪዎች ነን። በሪፖርታችን ላይ ግን ስንት ሜትር ኩብ ድንጋይ እንደተካበ እንጽፋለን እንጂ ድንጋዩን የካበው ሰው በዚያ ሳምንት ቤቱ ምን እንደበላ አንጽፍም።

ደመወዝን በብር ብቻ የምንቆጥር ከሆነ እንሳሳታለን። በቀድሞው ጊዜ በዚህ አገር የዓመት ቅጥር አራሽ ወይም እረኛ ሲገባ ስንት ቁና እህል፣ ምን ዓይነት ልብስ እንደሚሰጠው ተነጋግሮ ነበር የሚገባው፤ ይህ ዓይነቱ ውል በገጠሩ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። ውሉ በደል አልነበረበትም ማለታችን አይደለም፤ ስንቱን ልጅ ከትምህርት ገበታ እንዳስቀረ እናውቃለን። ነገር ግን አንድ ብልሃት ነበረው። ገበያው ቢወደድም ቢረክስም ልጁ ያው የተነገረለትን ቁና ይዞ ይወጣ ነበር። ብር የሚከፈለው ሰው ግን ቁጥሩ ሳይነካ ቁናው ይጎድልበታል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። እስከ 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ድረስ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 1,100 ብር ነበር። ይህ እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ የሚያድረው የጥበቃ ሠራተኛ፣ ቢሮውን የምታጸዳው እናት፣ ደብዳቤ የሚያደርሰው ተላላኪ የሚያገኙት ነው። በወቅቱ ከገቢ ግብር ነጻ የነበረው የመጀመሪያው 600 ብር ብቻ ስለነበር ከቀሪው 500 ብር ላይ 10 በመቶ፣ ማለትም 50 ብር ግብር ይቆረጣል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ነው፤ እሱም 77 ብር ይሆናል። እጅ ላይ የሚደርሰው 973 ብር ነው። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ 10,000 ብር በደረሰ ጊዜ ኪሎው 100 ብር ሆነ ማለት ነው። በዚያ ዋጋ የአንድ ወር ሙሉ ደመወዝ 10 ኪሎ ጤፍ አይሞላም። በርበሬው፣ ዘይቱ፣ የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ ደብተር ገና አልተነሡም። አምስት ነፍስ ባለበት ቤት 10 ኪሎ ጤፍ ስንት ቀን እንደሚያሳድር እዚህ የተቀመጡት እናቶች ይንገሩን፤ እኛ ለመገመት አንደፍርም።

«መርጡለ ማርያም አዲስ አበባ አይደለችም፤ የጤፍ አገር ናት» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ከብቸና እስከ ሞጣ ያለው ደጋ አገር የሚታወቀው በጤፉ ነው። ሆኖም ነጋዴው እዚህ ገዝቶ የሚጭነው ለአዲስ አበባ ገበያ ስለሆነ የእኛም ዋጋ የሚወሰነው በዚያው ነው፤ የሚቀንሰው ከሞላ ጎደል የመኪናውን ኪራይና የነጋዴውን ትርፍ ያህል ነው። የአዲስ አበባው ሰው የሚያገኘው ደመወዝ ግን ወደዚህ አይመጣም። ስለዚህ ጤፍ በሚበቅልበት አገር ተቀምጦ ጤፍ ማጣት ይቻላል። ይህ ነገር የሚያስደንቀው ከሩቅ ለሚመጣ ሰው እንጂ ለዚህ ከተማ ቀን ሠራተኛ አይደለም።

ደመወዙ እንደዚያው ሆኖ አልቀረም። በ2017 ዓ.ም. ዝቅተኛው ወደ 4,760 ብር፣ ከ2018 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። በዚሁ ማሻሻያ በዲግሪ ተመርቆ ለሚጀምር ሠራተኛ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር አድጓል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያም ከግብር ነጻ የሆነውን ገቢ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር አውጥቶታል። ይህ ለጥበቃውና ለጽዳቷ ሠራተኛ ቀላል ነገር አይደለም፤ ማቃለልም ተገቢ አይመስለንም። ነገር ግን ጭማሪው ከምን በኋላ እንደመጣ ማሰብ ይገባል። በ2014 ዓ.ም. በወሩ ሁሉ ይፋ የሚደረገው ዓመታዊ የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ 1,100 ብር ግን 1,100 እንደሆነ ቆየ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዘይትም፣ መድኃኒትም፣ ማዳበሪያም፣ ናፍጣም በዶላር የሚገቡ ናቸው። የተጨመረው ደመወዝ ከፊሉ የጠፋውን የሚተካ እንጂ አዲስ ሀብት አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ሌላው ወገን ነው። የደመወዝ ጭማሪ ወሬ በተሰማ ማግስት ሱቁ ዋጋ ይጨምራል፤ የቤት ኪራይ ይጨምራል። ጭማሪው የሚደርሰው በደመወዝ መዝገብ ላይ ስሙ ላለ ሰው ነው፤ የሱቁ ዋጋ ግን መዝገብ አያይም። የቀን ሠራተኛው፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ጠላ ሸጣ የምታድረው እናት፣ የደብሩ ዲያቆንና ዘበኛ ጭማሪውን ሳያገኙ ዋጋውን ይከፍላሉ።

አሁን ወደ ቀን ሠራተኛው እንግባ፤ ንግግራችን የሚበዛው በእሱ ላይ ነው። ስለ ቀን ሠራተኛ ክፍያ ስንነጋገር ብዙዎቻችን «በቀን ይህን ያህል ይወስዳል፤ በወር ሲባዛ ከመምህሩ ይበልጣል» እንላለን። በ30 የሚያባዛ ሰው ግን የዚህን አገር ቀን መቁጠሪያ የረሳ ነው። ከወሩ 30 ቀን ቅዳሜና እሑድ ከ8 እስከ 10 ናቸው። ሥላሴ በ7፣ ሚካኤል በ12፣ ገብርኤል በ19፣ እመቤታችን በ21፣ ጊዮርጊስ በ23፣ መድኃኔ ዓለም በ27፣ በዓለ ወልድ በ29 ናቸው፤ እንደየአጥቢያው ልማድ ሌላም ይጨመራል። ሁለቱ ከሰንበት ጋር ቢገጥሙ እንኳ ቢበዛ 17 የሥራ ቀን ይቀራል። ከዚያ ላይ ለቅሶ አለ፤ ዝናብ አለ፤ ሲሚንቶ ወይም አሸዋ ሳይደርስ ሥራው የሚቆምበት ቀን አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልላችን በገባበት ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ፤ መንገድ በተዘጋ ጊዜ ሥራው ይጠፋል፣ የሸቀጡም ዋጋ ይወጣል፤ ሁለቱ በአንድ ቀን ይመጣሉ። 15 ቀን የሠራ ሰው ዕድለኛ ነው። በቀን ለምሳሌ 300 ብር ቢከፈለው፣ ለቤተሰቡ የሚደርሰው በቀን 150 ብር ነው ማለት ነው። ልጆቹ በበዓል ቀንም ይበላሉና።

የትኛው በዓል እንዴት እንደሚከበር መወሰን የሊቃውንቱ ነው፤ እኛ በዚያ ገብተን የምንናገረው የለንም። የምንለው ሒሳቡን ነው። አንድ በዓል በወር ደመወዝ ለሚኖር ሰው የተከፈለበት ዕረፍት ሲሆን፣ በቀን ለሚከፈለው ሰው ከእንጀራው ላይ ይቀነሳል። ይህን ልዩነት እኛ ደመወዝተኞቹ ብዙ ጊዜ አናስተውለውም። የቀኑን ዋጋ ስንቆርጥ የሥራውን ቀን ብቻ ሳይሆን ያልተሠራበትንም ቀን ማሰብ ይኖርብናል።

ሁለተኛው ነገር የሚከፈልበት ሰዓት ነው። በጥቂት ወረዳዎች የሠሩ ሰዎች ይህን አሳይተውናል፤ እኛም ብዙ ዓመት በዚህ ሥራ ቆይተን ዘግይተን ነው ያስተዋልነው። ሠራተኛ ሳምንቱን ሙሉ ይሠራል። ክፍያው በገበያ ቀን ማታ ይሆናል፤ ምክንያቱም ገንዘብ ያዡ ጠዋት ባንክ ሄዶ፣ ፊርማ አስፈርሞ፣ ተመልሶ፣ ስም እየጠራ ስለሚከፍል ነው። በዚያ ሰዓት ከገጠር እህል ጭኖ የመጣው ገበሬ አህያውን ነድቶ ተመልሷል። ገበያው ተበትኗል። ሠራተኛው ብሩን ይዞ የሚሄደው ወደ ቸርቻሪው ነው፤ ከዚያ የሚገዛው በጣሳ ነው። ጠዋት ከገበሬው እጅ በቁና ቢገዛ ኖሮ በዚያው ብር ሌላ ሁለት ሦስት ቀን የሚያቆየው እህል ያገኝ ነበር። ማንም አልሰረቀውም፤ ማንም አልበደለውም። ክፍያው በግማሽ ቀን መዘግየቱ ብቻ ከምንዳው ላይ ቆርጦበታል።

ድኻ ከሀብታም ይልቅ አስወድዶ እንደሚገዛ ከዚህ ይታያል። ሀብታሙ ጤፉን በታኅሣሥና በጥር፣ አውድማው ሲሞላ በኩንታል ይገዛል። ዘይቱን በጀሪካን፣ ከሰሉን በጆንያ ያስገባል። ቀን ሠራተኛው ዘይቱን በሲኒ፣ ከሰሉን በጣሳ፣ ስኳሩን በወረቀት ጠቅልሎ ይገዛል። እነዚያን ጥቅሎች ደምሮ ያየ ሰው ድኻው ለአንድ ሊትር ዘይት ምን ያህል አብልጦ እንደከፈለ ይደርስበታል። ክፍያው ሳምንት ሲዘገይ ደግሞ ዱቤ ይገባል፤ በዱቤ የሚገዛ ሰው ዋጋ አይከራከርም፤ የሰጡትን ተቀብሎ ይሄዳል። ባለሱቁንም አንፍረድበት፤ እሱም ከጅምላ ነጋዴው በዱቤ ነው የሚያመጣው። ዱቤው የሚጀምረው ግን ከእኛ ነው። ሠርቶ ያልተከፈለው ሰው በሕይወቱ ለእኛ ገንዘብ አበድሮናል ማለት ነው፤ ያውም ያለ ወለድ። በኦሪት ሕግ የምንደኛው ዋጋ ፀሐይ ሳይገባ እንዲከፈለው የታዘዘው ለዚህ ይመስለናል፤ ከልግስና ይልቅ ብድርን የሚከለክል ትእዛዝ ነው።

ገበሬውስ በዚህ ሁሉ ይጠቀማል ወይ? የከተማው ሰው እህል ሲወደድ «ገበሬው ደብቆት ነው» ይላል። አንዳንዱ ያለው ገበሬ በእርግጥ ያቆያል፤ ለምን ያቆያል ብሎ መክሰስም አይቻልም። አብዛኛው ግን ሁለት ጥማድ ሦስት ጥማድ የሚያርስ፣ የግብር፣ የማዳበሪያና የብድር ዕዳ ያለበት ሰው ነው። ጤፉን የሚሸጠው ዋጋ በሚረክስበት በአጨዳና በውቂያ ሰሞን ነው። ጤፉን ሸጦ ቤቱ በቆሎና ማሽላ ይበላል። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጡ ደግሞ የዘር ወይም የቀለብ እህል ገዢ ሆኖ ወደ ገበያ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የሚገዛው ምናልባት በጥር የሸጠውን እህል ነው። ወደ ዓባይ በረሃ ባሉት ቀበሌዎች ይህ ይበረታል። ስለዚህ በዚህ ወረዳ ገበሬና ቀን ሠራተኛ ሁለት ሰዎች ናቸው ብለን ማሰብ የለብንም። ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ በበጋ ገበሬ፣ በክረምት የሰው አረም የሚያርም። አለዚያም አባት ገበሬ፣ ልጁ ደግሞ ቀን ሠራተኛ ነው፤ በ1989 ዓ.ም. በክልሉ በተደረገው የመሬት ድልድል ጊዜ ገና ያልተወለደ ልጅ ዛሬ ባለትዳር ነው፤ የሚደርሰው መሬት ግን የለም።

የዚህ አገር ሕዝብ ሒሳብ አያውቅም የሚል ካለ ታሪክ ይመልስለታል። በ1960 ዓ.ም. የግብርና ገቢ ግብር አዋጅ በጎጃም በሥራ ላይ ሊውል ሲል የሞጣ፣ የብቸናና የዳሞት ገበሬ የተነሣው ገቢውን ሌላ ሰው ገምቶ እንዲወስንለት ባለመፍቀዱ ነው። ይህን የምናነሣው ለሽፍትነት አይደለም፤ ሰው ከጥረቱ ምን እንደሚቀርለት ለማስላት ዲግሪ እንደማያስፈልገው ለማስታወስ ነው። ቀን ሠራተኛውም ያሰላል። የሚከራከርበት ቦታ ስለሌለው ብቻ ዝም ይላል።

ስለ ራሳችን ቤት ደግሞ እንናገር። መርጡለ ማርያም በትውፊት ከአብርሃና አጽብሓ ዘመን የሚቆጠር፣ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እቴጌ እሌኒ ባሠሩት የድንጋይ ሕንፃ የሚታወቅ ደብር ነው። ፍርስራሹን ያየ ሰው የጠራቢዎቹን እጅ ያደንቃል። እንደዚህ ያሉ ታላላቅ ደብሮች አገልጋዮቻቸውን ይመግቡ የነበረው በመሬት ነበር። ካህኑ ለአገልግሎቱ ሪም ይይዛል፤ መሬቱን የሚያርሰው ግን ሁልጊዜ እሱ አልነበረም። ስለ ምሥራቅ ጎጃም የመሬት ሥሪት ያጠኑት ሀብታሙ መንግሥቴ ዘጋ ስለሚባሉት፣ ርስት ስለሌላቸውና በሌላ ሰው መሬት ላይ ጉልበታቸውን ስለሚሰጡ ሰዎች ጽፈዋል። ይህንን ዛሬ ለመውቀስ አናነሣውም፤ የድኻ ጉልበት በዚህ ግቢ ዙሪያ የቆየ ታሪክ እንዳለው መዘንጋት ግን አይገባም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ሪሙ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የደብር አገልጋይ ኑሮ ከራሱ ማሳ፣ ከምእመናን አስተዋፅኦና ደብሩ ከሚሰጠው ጥቂት ብር የሚገኝ ሆኗል። ማሌሊት ተነሥቶ ማኅሌት የሚቆም መሪጌታ ቀን ሞፈር ይዞ ይውላል። በየደብሩ ለጥበቃና ለዕቃ ቤት ሠራተኛ የሚከፈለውን ብትጠይቁ አብዛኛው ይኼን ያህል ነው ለማለት ያፍራል።

የአብነት ተማሪው ደግሞ ከሁሉ ታች ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ስለሆነ ልጆች ከሩቅ ይመጣሉ፤ አኩፋዳቸውን ይዘው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው ይለምናሉ። ማንም ጥናት ሳያደርግ የአንድ ቀበሌ ቤቶች ምን ያህል እንደተቸገሩ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ማታ ጎጆ ሲገቡ የተማሪዎቹን አኩፋዳ ይመልከት። ሰጪው ሲያጥርበት ቁራሹ ያንሳል፤ ከዚያም ቀጥሎ ይቀራል። የእናቶች እጅ አልጠነከረም፤ ሞሰቡ ነው የሳሳው። የየኔታ ተማሪ ትምህርቱን ጥሎ ወደ ቀን ሥራ ሲሄድ ቅኔ ቤቱ መፍረስ የጀመረው ግድግዳው ሳይፈርስ ነው።

ምንዳው እዚህ ካልበቃ ወጣቱ ይሄዳል። ሴቶቹ ለቤት ሠራተኛነት ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ወደ ዐረብ አገር ይሄዳሉ። ወንዶቹ የሚሄዱት በአብዛኛው ወደ መተማና ሑመራ ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ለሰሊጥ አረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለአጨዳ። ሰሊጥ ሲደርስ ፍሬው ሳይረግፍ በጥቂት ቀናት መታጨድ አለበት፤ ስለዚህ በዚያ ሰሞን ጉልበት ይወደዳል፤ በእጅ የሚይዙት ብርም እዚህ በወራት ከሚገኘው ይበልጣል። ለዚህ ነው የሚሄዱት፤ አትሂዱ ብሎ መስበክ ብቻውን ዋጋ የለውም። ይሁን እንጂ ከዚያ ብር ጋር ይዘውት የሚመለሱትን በሽታ መናገር ግዴታችን ነው። ደጋ ያደገ ሰው ለወባ አልተለማመደም። ከወባ የሚከፋው ካላዛር ነው፤ በተሰነጣጠቀ ዋልካ መሬትና በግራር ሥር በምትኖር የአሸዋ ዝንብ ንክሻ ይተላለፋል። ሠራተኞቹ ደግሞ የሚተኙት ሜዳ ላይ ነው። ከወራት በኋላ ለረጅም ጊዜ የማይለቅ ትኩሳት፣ መክሳትና የሆድ ማበጥ ይታያል፤ የሚያብጠው ጣፊያ ነው። ቤተሰብ ወባ ነው ሲል፣ ቲቢ ነው ሲል፣ መጋኛ ነው ሲል ይቆያል። ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል፤ ከታከመ ግን ይድናል፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ የተለየ ሕክምና አለ። ከመተማ ወይም ከሑመራ ተመልሶ ከሁለት ሳምንት በላይ ትኩሳት ያልለቀቀው ልጅ ያለው ቤት ቢኖር፣ ሐኪሙ ዘንድ ሲሄድ የት ሠርቶ እንደመጣ አስቀድሞ ይናገር። ይህች አንዲት ቃል ብዙ ሰው ታድናለች።

ሕጉስ ምን ይላል? የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ አገር አቀፍ ወለል ግን እስካሁን በሥራ ላይ አልዋለም። የቤት ሠራተኛ ውል ከአዋጁ ውጭ ነው። በሃይማኖትና በበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሥራ ግንኙነት ላይም የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዋጁ ተፈጻሚ እንዳይሆን በደንብ ሊወስን እንደሚችል ተጽፏል። ይህ ለእኛ ነጻነት ይመስላል። እኛ እንደ ዕዳ ነው የምናየው፤ ሕግ ባላስገደደን ቦታ የምናደርገው ማንነታችንን ያሳያል።

ምንዳውን ከፍ ካደረግን የምንቀጥረው ሰው ያንሳል የሚል ክርክር በኮሚቴዎቻችን ዘንድ አለ። ክርክሩ ከንቱ አይደለም፤ በጀቱ የታወቀ ነው፤ 40 ሰው የምናሠራበት ገንዘብ ለ30 ሰው ብቻ ሊበቃ ይችላል፤ አሥሩ ሰዎች ደግሞ ከበር ይመለሳሉ። በዚህ ላይ እኛም እርስ በርሳችን አልተስማማንም። በመጨረሻ ያመዘነብን ሐሳብ ይህ ነው፤ ሠርቶ የማይበላበትን ሥራ ለ40 ሰው ማደል ድህነትን ማካፈል እንጂ ልማት አይደለም። ሆኖም ምንም በጀት ሳይጨመር ሊደረጉ የሚችሉትን ነገሮች ካላደረግን ስለ በጀት የመከራከር መብት የለንም። ክፍያን ከገበያ ቀን በፊት ባለው ማታ ማድረግ ተጨማሪ ብር አይጠይቅም፤ ገንዘብ ያዡ አንድ ቀን ቀድሞ ባንክ እንዲሄድ ብቻ ይጠይቃል። ዕቃ ባለመድረሱ ሥራ ያቆምንበትን ቀን፣ ቢያንስ ሠራተኛው ጠዋት መጥቶ ከተመለሰ፣ ግማሽ ቀን ብሎ መያዝ ትንሽ ብር ይጠይቃል፤ ጥፋቱ ግን የእኛ እንጂ የእሱ አይደለም። ሴትና ወንድ አንድ ዓይነት ድንጋይ ተሸክመው የተለያየ የሚወስዱበትን ልማድ ለማስቀረት ደግሞ የሚያስፈልገው ማፈር ብቻ ነው።

ዕድሮችንም አንድ ነገር እንለምናለን። ዕድር ሰው ሲሞት ገንዘብ ያወጣል፤ ድንኳን፣ ድስትና አግዳሚ አለው፤ የታመነ ዳኛና ጸሐፊ አለው። ከሣጥኑ ጥቂት ወስዶ በታኅሣሥና በጥር ጤፍና በቆሎ ገዝቶ ቢያስቀምጥ፣ በሐምሌና በነሐሴ ለችግረኛ አባላቱ በገዛበት ዋጋ፣ የማከማቻውን ብቻ ጨምሮ ቢሸጥ፣ ጠዋት ገበያ መድረስ ያልቻለው ሰው ቁናውን በዕድሩ ቤት ያገኛል። እህል እንዳይነቅዝና የዕድሩ ገንዘብ እንዳይባክን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አንዳንድ ቦታ ተሞክሮ በመዝገብ አያያዝ ጉድለት የቆመ አለ። ስለዚህ ከትንሽ፣ ለምሳሌ ከአምስት ኩንታል፣ ቢጀመር ይሻላል እንላለን።

አሁን በእጃችን ያለው ጉዳይ የቅጥሩ ሥራ ነው። ድንጋዩ ተቆፍሯል፤ አሸዋው በመንገድ ላይ ነው ተብሏል፤ ሠራተኛ መመዝገብ የሚጀመረው ከበዓሉ በኋላ ነው። ከመመዝገባችን በፊት ሦስት ነገር እንዲወሰን እንጠይቃለን፤ የቀኑ ምንዳ በዚህ ገበያ ስንት ቁና ጤፍ እንደሚገዛ በቃለ ጉባኤው ላይ ይጻፍ፤ ዋጋው ሲለወጥ በየወሩ እንዲታይ አንድ ሰው ይመደብ፤ የክፍያው ማታም ከገበያው ቀን በፊት ያለው ማታ ይሁን። ቁናውን የሚሰፍር ሰው ከእናቶች ወገን ቢሆን እንመርጣለን፤ የገበያውን ስፍር ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለምና። ቃለ ጉባኤውን የሚይዝልን ማን ነው?